በእናቴ ድስት የወጣ ዕጣ

ባለቤቴ በከተማው የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነበር። ሥራውን ሲናገር ሰው ሁሉ ቧንቧ የሚጠግን ይመስለውና «የኛም መታጠቢያ ያንጠባጥባል» ይለዋል። አያርማቸውም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት መፍቻውን ይዞ ይሄድና ይጠግንላቸዋል። ስለዚህ ግማሹ ጎረቤት እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው በጠጋኝነቱ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ «አቶ ከምን ጋር» በሚለው ቅጽል ስሙ ያስታውሰዋል።

ቅጽል ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት። ከእኛ ጋር መኖር በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት ሾርባ ሠርታ አቀረበችለትና «እንዴት ነው ሾርባዬ?» አለችው።

ማንኪያውን አስቀምጦ ትንሽ አሰበ። «ጥሩ ነው እማማ። ግን ከምን ጋር ሲነጻጸር?»

እናቴ ሳህኑን ከፊቱ አነሳችው። «ከባዶ ጠረጴዛ ጋር ሲነጻጸር» አለችው።

ሳህኑን አስመለሰ፤ ስሙን ግን ማስመለስ አልቻለም።

ካረፈ ወዲህ ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሰዎች «ዛሬስ ትንሽ ይሻልሻል?» ይሉኛል። እሱ ቢኖር ምን ብሎ እንደሚጠይቃቸው አውቃለሁ። ሻይ አቀርብላቸዋለሁ።

ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ስልሳ ሦስት ነው፤ ቁጥሩ የእሱ ነው። እናቴ ግን ጀሪካን ተይዞ ሲወጣ መቶ ሃያ ይሆናል ትል ነበር። ያን ጊዜ በሕንጻችን ውሃ የምናገኘው ከግቢው አንዲት ቧንቧ ነበር። እሷም በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሊነጋጋ ሲል ትመጣለች፤ ፀሐይ ሞቅ ሳይል ትሄዳለች። የመሬት ውስጥ መስመሩ ከማርጀቱ የተነሳ ውሃው ፎቅ የመውጣት አቅም የለውም። ስምንት አባወራ በፒጃማ እየተሰለፈ ይቀዳ ነበር። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ቢሆንም ሰልፉን የምትመራው እሷ ነበረች።

ታዲያ አንድ ቀን ምክር ቤቱ የከተማው መስመር እንዲቀየር ወሰነ። ገንዘቡ የበቃው ግን ለግማሹ ነው። ከሃያ አራቱ ቀጠና አሥራ ሁለቱ አሁን ያገኛሉ፤ አሥራ ሁለቱ አንድ ዓመት ይጠብቃሉ። የሚጠብቁትም ነገር እርግጥ አልነበረም። አዲሱን መስመር ያገኙት ሰዎች የውሃ ፍጆታ፣ ካላገኙት ጋር ሲተያይ፣ ቢያንስ ከመቶ ሃያ አምስት ከፍ ካለ ሥራው ይቀጥላል። ካላለ ቀሪው ገንዘብ ኮረብታው ላይ ለሚሠራ የውሃ ማጠራቀሚያ ይዞራል፤ ኮረብታው ላይ ያሉት ያረጀ መስመር እንኳ የላቸውም። ከፍ ማለት አለማለቱን የሚመዝነው ባለቤቴ ነው።

ሥራ አስኪያጁ «ከባሰባቸው ቀጠናዎች እንጀምራለና» አለው።

«በዕጣ ይሁን» አለ ባለቤቴ።

«ውሃ የጠማውን ሰው ዕጣ ታስወጣዋለህ?»

«ጉንፋን የያዘው ሰው መድኃኒት የሚውጠው መቼ ነው? ሲብስበት ነው። ጉንፋን ደግሞ ከባሰበት በኋላ መንገዱ ወደ መሻል ነው። መድኃኒቱ ምንም ሳይሠራ ይመሰገናል። ከባሰባቸው ብንጀምር ቧንቧችንም እንደዚያ በነጻ ይመሰገናል።»

ሥራ አስኪያጁ በነጻ መመስገንን የሚጠላ ሰው አልነበረም። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ግን ዕጣውን ወደደችው፤ ማንም የምክር ቤት አባል የራሱን ሰፈር ሊያስቀድም አይችልማ።

ዕጣው የሚወጣበት ዕቃ ግን ጠፋ። በመሥሪያ ቤቱ ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው የለም፤ የወረቀት መጣያው ደግሞ ለምክር ቤት አይቀርብም። ባለቤቴ ቤት መጥቶ የእናቴን ትልቁን የሾርባ ድስት ለመነ። እናቴ ደስ ብሏት አጠበችው፣ አሸችው፣ እስኪያብረቀርቅ ወለወለችው። «በዚህ ድስት የተሠራ ነገር ያረረበት ቀን የለም» ብላ ሰጠችው።

በማግስቱ በስብሰባው አዳራሽ የመሥሪያ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ዓይኗን በሻርፕ አስራ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አወጣች። መጀመሪያ የወጡት አሥራ ሁለቱ መስመሩን ያገኛሉ። የመጀመሪያው ወረቀት የአክስቴ ቀጠና ሆነ። አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ከእኛ ቤት የሚለያት ሰፊው አስፋልት ብቻ ነው። የእኛ ቀጠና ሃያ አራተኛ ወጣ። ከድስቱ ግርጌ ተጣብቆ ስለነበር ጽዳት ሠራተኛዋ በጥፍሯ ፍቃ ነው ያነሳችው።

ማታ ድስቱን ይዞ ሲገባ ነገሩን ለእናቴ ነገራት። እናቴ ድስቱን ተቀብላ ውስጡን አየች።

«በገዛ ድስቴ?»

«ዕጣ ነው እማማ።»

«ዕጣ መሆኑ ገብቶኛል። ድስቱ ግን የኔ ነው።»

ሁለት ሳምንት ሾርባ አልተሠራም። ከዚያም በኋላ እናቴ ስለ ውሃ ከእሱ ጋር ላለመነጋገር ወሰነች፤ ዓመቱን ሙሉ ቃሏን ጠበቀች።

በየቀጠናው ሠላሳ ሠላሳ ቆጣሪ፣ እነሱም በዕጣ ተመረጡ። በሳምንት አንድ ቀን የቆጣሪ አንባቢዎቹ እየዞሩ ይመዘግባሉ፤ እሱ በነዋሪው ቁጥር እያካፈለ አንድ ሰው በቀን ስንት ሊትር እንደተጠቀመ ያወጣል። የእኛ ግቢ ቆጣሪ ተመርጧል፤ የአክስቴም ተመርጧል። ባለቤቴ ዘመድ አዝማድ ይውጣ አላለም። «ዕጣ የመረጠውን እኔ ከመረጥኩ ዕጣ አይደለም» አለ።

ዓመቱ ሲሞላ ሳይለመድ እያፏጨ ቤት ገባ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ቀጠና በአማካይ አርባ አርባ ሊትር ነበር። አሁን ዕድለኞቹ ሃምሳ ስምንት ደርሰዋል። ያልደረሳቸው ደግሞ አርባ ሦስት። ዝናቡ ጥሩ ስለነበር እነሱም ሦስት ጨምረዋል። ሦስቱ የዝናቡ እንጂ የቧንቧው ስላልሆነ ከዕድለኞቹ አሥራ ስምንት ላይ ይቀነሳል። አሥራ አምስት ይቀራል። አሥራ አምስት ከአርባ፣ ከመቶ ሠላሳ ሰባት ተኩል ነው። ምክር ቤቱ የጠየቀው ሃያ አምስት።

«ማሚ ደረጃ መውጣት ሊቀርላት ነው በለኛ» አልኩት።

«ገና ዝርዝሩን አላነበብኩም» አለኝ።

ይህ ልማዱ ነበር። አማካይ ከወጣ በኋላ ሌላው ሰው ሥራ ጨረስኩ ሲል፣ እሱ ማስመሪያ ይዞ ሰባት መቶ ሃያውን ረድፍ አንድ በአንድ ያነባል። አማካይ ማለት ሰባት መቶ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ ነው፤ ማን ምን እንዳለ ለይቼ ካልሰማሁ አላምንም ይል ነበር። በእራት ላይ ማስመሪያው ከሹካው አጠገብ ነበር።

«የኛ ሕንጻ ፍጆታ ቀንሷል» አለ ድንገት። «ሁሉም ጋ ሲጨምር እኛ ጋ ቀንሷል። የለቀቀ ሰው አለ እንዴ?»

እናቴ ሳል ያዛት። እኔ ጨው ላመጣ ተነሳሁ። ጨው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

በማግስቱ ማስመሪያው አንድ ረድፍ ላይ ቆመ፦ የነዋሪ ብዛት አንድ፤ በቀን አራት መቶ አሥር ሊትር። አንባቢዋን ጠርቶ ጠየቃት፤ «ዓይኔ ደህና ነው» አለችው። እንግዲያው መሬት ውስጥ የፈነዳ ነገር አለ ብሎ ቧንቧ ሠራተኛውን አስከትሎ ሄደ። ቤቱ የአክስቴ ነው።

አክስቴ ድመቷን ታቅፋ ከፈተችላቸው። «ግባ ልጄ። ምነው በሥራ ሰዓት?»

«ለሥራ ነው እትዬ። የሚያፈስ ቧንቧ አለ ብለን ነው።»

ቧንቧ ሠራተኛው ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፣ ቆጣሪውን አየ፣ ቆፈር ቆፈር አድርጎ መሬቱን ነካ። «ደረቅ ነው። ምንም የለበትም» አለ።

«እንግዲያው እትዬ በቀን አራት መቶ አሥር ሊትር ይጠቀማሉ ማለት ነው።»

«ንጽሕና እወዳለሁ።»

«አሥር ሰው የሚኖርበት ነው እኮ።»

«ድመቷንም አጥባታለሁ።»

ቧንቧ ሠራተኛው ድመቷን አየ። ድመቷ በዕድሜዋ ታጥባ የምታውቅ አትመስልም ነበር።

ያኔ ከጓሮ የጋሪ ጎማ ሲጥ ሲጥ ሲል ተሰማ። እናቴ ባለ ሁለት ጎማዋን ጋሪ እየገፋች፣ ሦስት ሙሉ ጀሪካን ጭና፣ ከቤቱ ጥግ ብቅ አለች። አየችው። አልቆመችም።

«እህቴን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች።

«በሦስት ጀሪካን እማማ?»

«እነሱም ናፍቀዋት ነው።»

ከዚያ የሚደበቅ ነገር አልቀረም። አክስቴ የወጥ ቤቷን በር ገልብጣ አሳየችው። በጀርባው ሰንጠረዥ ተለጥፏል፤ የሕንጻችን ስምንት አባወራ፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የሚመጣበት ሰዓት፣ የሚወስደው ጀሪካን። በቀን ሃያ። ሁሉም ከጠዋቱ ሦስት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት፣ ማለትም እሱ ቢሮ ባለበት። በሰባተኛው መስመር የእኔ ስም አለ። የሌሊት ሰልፉ ከቀረ ስምንት ወር አልፎታል፤ እንቅልፉ ከባድ ስለነበር ባለቤቴ ብቻ አላወቀም።

ሰንጠረዡን ቆሞ ለረጅም ጊዜ አነበበው።

«ማን ነው ያዘጋጀው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም።»

ቧንቧ ሠራተኛው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «መሥሪያ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አይቼ አላውቅም» አለው።

የዚያን ዕለት እራታችን ቅቅል ድንች ነበር። ባለቤቴ አምስት ድንች በእናቴ ሳህን፣ አምስት በእኔ ሳህን አደረገ።

«ይሄ የእትዬ ቆጣሪ ነው፤ ይሄ የኛ። እኩል ናቸው። አሁን አንዱ ጀሪካን ከኛ ቧንቧ መቀዳቱ ቀርቶ ከእትዬ ተቀዳ።» ከእኔ ሳህን አንድ ድንች አንስቶ ለእናቴ ጨመረላት። «አሁን ስንት ለስንት ነው?»

«ስድስት ለአራት» አልኩ።

«የተንቀሳቀሰው አንድ ድንች ነው። ልዩነቱ ግን ሁለት ነው። አንዱ ጀሪካን ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ እዚያ ሲደመር፣ እዚህ ሲቀነስ። ቧንቧው የሠራውንም ያልሠራውንም አብሬ ለቧንቧው ሰጥቼዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ቀጠና ከቀጠና ስለይ በመካከላቸው ግንብ ያለ መሰለኝ። ሰው መንገድ ይሻገራል ብዬ አላሰብኩም።»

«እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ተሻግሬ እህቴ ጋ ስሄድ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አለች እናቴ። ስድስተኛውን ድንች በላችው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አንባቢዎቹን በየድንበሩ አቁሞ የሚሻገረውን ጀሪካን አስቆጠረ። የእኛ ሕንጻ ብቻ አልነበረም፤ እህት፣ አማት፣ የድሮ የሥራ ባልደረባ ያለው ሁሉ ይሻገራል። በነፍስ ወከፍ ሦስት ሊትር ሆኖ ተገኘ። ሃምሳ ስምንቱ ወደ ሃምሳ አምስት ወረደ፤ አርባ ሦስቱ ወደ አርባ ስድስት ወጣ። ሠላሳ ሰባት ተኩል የነበረው ሃያ ሁለት ተኩል ሆነ። ከሃያ አምስት በታች።

ሥራ አስኪያጁ ሠላሳ ሰባት ተኩልን በትልቁ አስጽፎ መግቢያው ላይ ሊሰቅል አዘጋጅቶ ነበር። «ቆንጆ ቁጥር ነበር እኮ» አለው።

«ቆንጆነቱ ነው ያስጠረጠረኝ» አለ ባለቤቴ።

እቤት ደግሞ የጠበቅነው እኔና እናቴ ነን። እናቴ የዓመት ዝምታዋን ትታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እንግዲህ እኔ ከእህቴ ቤት ጋሪ ስለገፋሁ ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ሊያጣ ነው?»

«እማማ፣ ከድንች ሻጩ ጋር ለምን ነበር የተጣሉት?»

«ጣቱን ሚዛኑ ላይ ስላሳረፈ ነዋ።»

«ይሄም ያው ነው። የርስዎ ጀሪካን ሚዛኑ ላይ ነው።»

«የሱ ጣት እኔን ነው የጎዳኝ። የኔ ጀሪካን ማንን ይጎዳል?»

«ኮረብታው ላይ ያሉትን። ሚዛኑ ትክክል ከሆነ ገንዘቡ የሚዞረው ለነሱ ነው።»

እናቴ ጉልበቷን እያሸች ወደ ክፍሏ ገባች። ዕቃ ሳጥብ አጠገቤ ቆሞ ያደርቅልኝ ነበር። እኔም ተው አልኩት። ምክር ቤቱ ስለተቆጠረው ጀሪካን ገና አያውቅም፤ ማስታወሻውን መሳቢያ ውስጥ ቢተወው ማን ይጠይቀዋል?

«ያየሁትን እንዴት አላየሁም ልበል?» አለኝ።

«ደረጃውን የምንወጣው እኔና እናቴ ነን» አልኩት።

ሳህኑን አድርቆ ቦታው አስቀመጠ። በማግስቱ ስነሳ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ሙሉ ጀሪካን ቆመው አገኘሁ፤ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ያለከልካል። የደወል ሰዓት ሞልቶ ተነስቶ ከፒጃማ ሰልፉ ሆኖ ቀድቷል። ሰልፉ ላይ ብቻውን ነበር።

ምክር ቤት ቀርቦ ሃያ ሁለት ተኩል አለ። ጨምሮም ትክክለኛው ከአሥራ ሰባት እስከ ሃያ ስምንት የትም ሊሆን ይችላል አለ።

«ታዲያ አልፏል ወይስ ወድቋል?» አለች ሰብሳቢዋ።

«አላውቅም።»

አዳራሹ ሳቀ። «አላውቅም ለማለት ነው አንድ ዓመት የፈጀብህ?» አለችው።

«አይደለም፤ ምን ያህል እንደማላውቅ ለማወቅ ነው።»

ሰብሳቢዋ ስድስት ወር ሰጠችው። ጀሪካን መከልከል አይቻልም፣ ሰው ይጠማል፤ የሚሻገረው ጀሪካን ግን እያንዳንዱ ይመዝገብ። የማጠራቀሚያውም የመስመሩም ገንዘብ እስከዚያ አይነካ።

ድንበር ላይ ባሉ ቤቶች በር ሁሉ ደብተር ተንጠለጠለ። በአክስቴ በር ላይ መዝጋቢ ማን እንደሚሆን መሥሪያ ቤቱ ሲመክር እናቴ በርጩማዋን ይዛ ሄዳ ተቀምጣ ነበር። ባለቤቴ ዝምድና አለበት ብሎ ሊቃወም ሲል ቧንቧ ሠራተኛው «ሰንጠረዡን አይተሃል» አለው፤ ተቃውሞውን ተወው። በየሳምንቱ ግን አንባቢዋ ሳይነገር መጥታ የራሷን ቆጠራ ከእናቴ ደብተር ጋር ታስተያያለች። አንድም ቀን አልተለያዩም።

እናቴ በዚያ ስድስት ወር ሰው አላስደሰተችም። ሦስት ነው ብሎ አራት የያዘውን ታስመልሳለች። ግማሽ ጀሪካን የሞላ ሰው ሲመጣ በእንጨት ለክታ «ስምንት ሊትር» ብላ ትጽፋለች። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን «እትዬ፣ ይቺን አንዷን እንኳ ይለፏት» ሲላት «ጣትህን ከሚዛኑ ላይ አንሳ» አለችው። ሰውየው ጣቱን አየ።

ባለቤቴም አላመለጠም። ሁለተኛው ስብሰባ በሚደረግበት ጠዋት የግቢው ቧንቧ ሳትመጣ ቀረች፤ ጢሙን ሳይላጭ ምክር ቤት መቅረብ ከበደውና ከአክስቴ ቤት በጓሮ በር አንድ ጀሪካን ሊያስወጣ ሞከረ። እናቴ አስቆመችው። ደብተሩ አሁን እኔ ጋ ነው። እንዲህ ይላል፦ «አንድ ጀሪካን። ተሸካሚ፦ የልጄ ባል። ምክንያት፦ ጢም። በጓሮ በር ሲወጣ ተገኘ።» ከሥሩ ፈርሟል። ፊርማው ሁልጊዜ ከመስመር ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ እዚያም ወጥቷል።

በተላጨ ጢሙ ምክር ቤት ቆሞ አዲሱን ውጤት ተናገረ። የተሻገረው ሁሉ በሂሳብ ወደየቤቱ ተመልሶ፣ የወራቱ ድርቅ ለሁለቱም ወገን ተቀንሶ፣ ሃያ ሰባት ተኩል። ከሃያ አራት እስከ ሠላሳ አንድ ሊሆን ይችላል።

«አንዱን ብቻ ንገረን» አለች ሰብሳቢዋ።

«ሃያ ሰባት ተኩል። ግን ብቻውን አይሄድም፤ ከዘመዶቹ ጋር ነው የሚሄደው።»

«ሃያ አራትም ሊሆን ይችላል ነው የምትለው?»

ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው በታች እግሩን ረገጠው።

«ሊሆን ይችላል» አለ ባለቤቴ። ወደ ሥራ አስኪያጁም ዞሮ «እግሬን እየረገጡኝ ነው» አለው። ሰውየው ይቅርታ ጠየቀ።

ሰባት ለአራት በሆነ ድምፅ መስመሩ እንዲቀጥል ተወሰነ። የኮረብታው ተወካይ ከተቃወሙት አንዱ ነበር። ሲወጡ ግን ባለቤቴን በር ላይ ጠብቆ እጁን ጨበጠው። «ተሸነፍን። ቢሆንም በመጀመሪያው ቁጥር ብትሸውዱን ኖሮ አናውቅም ነበር» አለው። ማጠራቀሚያው ለሚቀጥለው ዙር ተያዘለት።

ውሃው በአራተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። እናቴ መክፈቻውን ይዛ ቆመች፤ እሱ ሰዓቱን እስኪያይ አስቆማት። «አሁን» አላት። ቧንቧው አሳለ፣ ቡናማ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። እናቴ አንድ ብርጭቆ ሞልታ ሰጠችው።

«እህ፣ እንዴት ነው?»

ጠጣው። «ጥሩ ነው» አለ።

እኔም እሷም ጠበቅን። ምንም አልጨመረም። ብርጭቆውን አስቀምጦ ሰዓቱን ጻፈ።

«አሞሃል እንዴ?» አለችው እናቴ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ከዚያው ቧንቧ ጠጥቷል።

ባለፈው ወር የኮረብታው ተራ ደረሰ። ማጠራቀሚያው ተሠርቶ አልቋል፤ መስመሩ ግን እዚያም ለግማሹ ነው የበቃው። በእሱ ቦታ የተተካችው ባለሙያ፣ ድሮ ቆጣሪ አንባቢ የነበረችው ሴት፣ ቤታችን መጣች። ሻይ አቀረብኩላት። እንዴት እንደምትጀምር ቸገራት፤ ስኒውን አዟዟረችው።

«ድስቱን ነው» አለች በመጨረሻ።

እናቴ ከክፍሏ እያነከሰች ወጣች። ድስቱን አወረደች፤ አጠበችው፣ አሸችው፤ ግርጌውን በጥፍሯ ሁለት ጊዜ ፋቀችው። ሴትየዋ ለመቀበል እጇን ስትዘረጋ እናቴ ድስቱን አልለቀቀችም።

«መጀመሪያ ንገሪኝ» አለቻት። «ከኮረብታው ሰዎች ከመንገድ ማዶ እህት ያላቸው እነማን እንደሆኑ ጠይቀሻል?»

ሴትየዋ ቦርሳዋን ከፍታ እርሳስ መፈለግ ጀመረች።